ዓይኑን ስታዩ ሆዱንም ጠይቁ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ደሴ ውስጥ የጤና ትምህርት ለምትማሩት ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ አንጀት የሌለው ሰው የለም።

ጡረታ የወጣሁ የዓይን ነርስ ነኝ። ወሎ ውስጥ የዓይን ሥራ ሲባል በአብዛኛው ሞራና ትራኮማ ነው። ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦ ሰው በልጁ እጅ እየተመራ የሚመጣው ለዚሁ ነው። ሰልፉ ሲረዝም እጅ ይለምዳል፤ «ደበዘዘብኝ» ያለ ሁሉ ሞራ ይመስላችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ናችሁ። እኔ የማወራው ስለ ቀሪዎቹ ነው።

የአንጀት ካንሰር ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። አዎ፣ የአንጀት። እርግጥ በጣም ብርቅ ነው፤ ወደ ዓይን የሚሰራጨው ካንሰር በሴቶች ብዙውን ጊዜ ከጡት፣ በወንዶች ከሳንባ ይነሳል። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የታተመ ትልቅ ጥናት እንዲህ ዓይነት ካንሰር የገባባቸውን 520 ዓይኖች ተመልክቶ ነበር፤ ከጨጓራና ከአንጀት የመጣው 4 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ቁጥር ነው። ከታካሚዎቹ ሲሶው ዓይናቸው እስኪታይ ድረስ ካንሰር እንዳለባቸው አያውቁም ነበር።

መንገዱን ካወቃችሁት አይረሳችሁም። ከአንጀት የሚነሳው ደም መጀመሪያ ጉበት ይገባል፤ ካንሰሩም ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። ከጉበት ካመለጠ ሳንባ ይጠብቀዋል። የፊንጢጣ ታችኛው ክፍል ደም ግን ጉበትን ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ አለው። ሳንባንም ያለፈው ሕዋስ በልብ በኩል ወጥቶ፣ በአንገት የደም ሥር ሽቅብ ሄዶ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ሥር ያለው ኮሮይድ ላይ ያርፋል። ኮሮይድ ደም በብዛት የሚያገኝ ስስ ሽፋን ነው። እብጠቱ እዚያ ሲያድግ ውሃ ይቋጥርና ሬቲናውን ከቦታው ያነሳዋል።

አንድ የኮምቦልቻ እህል ነጋዴ ትዝ ይሉኛል። በአንድ ዓይናቸው ጥላ ወርዶባቸው፣ ከልጃቸው ጋር የሀረጎን ዳገት ወጥተው መጡ። ሞራ የላቸውም። ጠብታ አድርገን ብሌኑ ከሰፋ በኋላ ሐኪሙ ስሊት ላምፑ (የዓይን መመርመሪያ ማይክሮስኮፑ) ላይ አጎንብሶ ቆየ፤ እኔ ከኋላ ጭንቅላታቸውን ደግፌ ይዣለሁ። ወደ ቢጫ የሚያደላ እብጠት ነበር። ከስተው እንደሆነ ስጠይቃቸው ቀበቷቸውን አሳዩኝ፤ በምስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አሉት። «ሆድዎስ?» አልኳቸው። ወደ ልጃቸው አዩና ዝም አሉ። ልጁን በዘዴ ካርድ ክፍል ላክሁት። ያኔ «ሲስተር፣ ደም ያሳየኛል። ኪንታሮት ነው ብዬ ቅባት ስቀባ ከረምኩ፤ ለባለቤቴም አልነገርኳት» አሉኝ።

ኪንታሮት በእኛ አገር የስንቱን ስም ተሸክሟል! ኪንታሮት ካልሆነ ደግሞ አሜባ ነው፤ ከፋርማሲ ኪኒን ገዝቶ መዋጥ ነው። ቲክቶክ ላይም ከሥሩ እነቅላለሁ የሚል አይጠፋም። እውነቱን ለመናገር ሰገራ ላይ የሚታይ ደም ብዙ ጊዜ ኪንታሮት ነው። ግን ያንን የሚለየው ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም። ደም ካያችሁ፣ የሆድ ልማዳችሁ ተቀይሮ ሳምንታት ከቆየ፣ ሳትፈልጉ ከከሳችሁ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ ካለባችሁ ሄዳችሁ ታዩ። «ገና ወጣት ነኝ» አትበሉኝ። አሜሪካኖቹ በ2021 እ.ኤ.አ. የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚጀመርበትን ዕድሜ ከ50 ወደ 45 ያወረዱት በሽታው ወጣቶች ላይ እየበዛ ስለመጣ ነው። ደግሞ ዓይኔ ተርገበገበ ብላችሁ ካንሰር ነው እንዳትሉ፤ አብሽሩ፣ እንቅልፍ አጥታችሁ ይሆናል።

ተማሪዎቼ፣ ስትጠይቁ «ሰገራ» በሉ፤ አትሽኮርመሙ። እናንተ ካፈራችሁ ሽማግሌው የባሰ ያፍራሉ። ምራት ወይም ልጅ አጠገብ ካለ መጀመሪያ ይውጣ። ፊንጢጣን በጓንት መመርመር ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ግን ሁለታችሁም ስለምትተፋፈሩ ይዘለላል፣ ይህ ያናድደኛል።

ዓይን ላይ ከደረሰ ብዙውን ጊዜ ሌላም ቦታ ደርሷል፤ ስለዚህ ዋናው ሕክምና ለመላ ሰውነት የሚሰጠው የካንሰር መድኃኒት፣ ኬሞ፣ ነው። ለዓይኑ ጨረር ሊጨመር ይችላል። «ሞቱ ላይቀር ዓይኑን ማከም ምን ያደርጋል» የሚል ባለሙያ ሰምቻለሁ፤ አልወደድኩትም። የቀረው ዕድሜ ስንትም ይሁን፣ ሰው የልጁን ፊት እያየ ቢኖርበት ይሻለዋል።

ሪፈር ስትጽፉ ደግሞ «የዓይን ችግር» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። እንዲያ ከሆነ አዲስ አበባ የዓይን ክፍል ሰልፍ ይዘው ይከርማሉ። ዓይኑ ውስጥ ያያችሁትን ጻፉ፣ ስለ ደሙና ስለ ክብደቱ የነገሯችሁን ጻፉ፣ ኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ማየት) እና የሆድና የደረት ሲቲ ስካን እንዲታሰብ ጻፉ። በሚነበብ የእጅ ጽሑፍ፣ እባካችሁ።