ሁለት ፕሮሰሰር ባለው የሥራ ኮምፒውተር ጌም መጫወት

ጥያቄ፦ የሕንጻ ዲዛይን ባለሙያ ነኝ። ቤቴ የምሠራበት ኮምፒውተር ያገለገለ ኤችፒ ዜድ840 ሲሆን፣ ሁለት ኢንቴል ዜዮን ኢ5-2680 ቪ4 ፕሮሰሰሮች፣ 64 ጊጋባይት ራምና ኳድሮ ኤም4000 ግራፊክስ ካርድ አለው። ሬንደር ሲያደርግ (የሠራሁትን ዲዛይን ወደ ተጠናቀቀ ምስል ሲለውጥ) ፍጥነቱ ያስደስተኛል። ቅዳሜና እሁድ ከልጄ ጋር የመኪና ውድድር ጌም ስንከፍት ግን ምስሉ ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ለአፍታ ቀጥ ይላል። የልጄ ጓደኛ ኮምፒውተር ስድስት ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) ያለው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ይዞ ያንኑ ጌም ያለ ችግር ያጫውታል። አንድ የጥገና ባለሙያ «አንደኛውን ፕሮሰሰር ብናወጣው ይሻላል» ብሎኛል። ይውጣ ወይስ ሌላ ኮምፒውተር ልግዛ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ፕሮሰሰሩንም አያስወጡ፣ ሌላ ኮምፒውተርም አይግዙ።

ኮምፒውተርዎ ሬንደር ሲያደርግ ሥዕሉን ቆራርጦ ለሁለቱ ፕሮሰሰሮች 28 ኮሮች (ለእያንዳንዳቸው 14) ያከፋፍላል፤ አንዱ ኮር የሌላውን ውጤት ስለማይጠብቅ፣ ኮር በበዛ ቁጥር የሥራው ጊዜ ያጥራል። ጌም ግን በሰከንድ 60 ምስል ለማሳየት እያንዳንዱን ምስል በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ አስልቶ መጨረስ አለበት፤ የስሌቱም ዋና ክፍል በጥቂት ኮሮች ላይ ተራ በተራ የሚከናወን በመሆኑ የቀሩት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትተው ይቆያሉ። ምጣድ ስለበዛ አንዲት እንጀራ ቶሎ አትበስልም። ወሳኙ የአንዱ ኮር ፍጥነት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የእርስዎ ፕሮሰሰር መነሻው 2.4፣ ጣሪያው ደግሞ 3.3 ጊጋኸርትዝ ነው። ዛሬ ለጌም የሚገዙ መካከለኛ ፕሮሰሰሮች 4 ጊጋኸርትዝን ከማለፋቸውም በላይ በእያንዳንዱ ዑደት የሚሠሩት ሥራ ይበልጣል።

ለአፍታ ቀጥ የማለቱ ነገር ግን ሌላም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በዚህ ማሽን ላይ የራሙ ግማሽ ከአንደኛው፣ ግማሹ ከሁለተኛው ፕሮሰሰር ጋር ተያይዟል፤ አንዱ በሌላው ዘንድ ያለ መረጃ ሲፈልግ በመካከላቸው ባለው መስመር ማለፍ ስላለበት ይዘገያል። የጌሙ ሥራ ከአንዱ ፕሮሰሰር ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ይህ መዘግየት ይደጋገማል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ኮር ያለውን ስሬድሪፐር ፕሮሰሰር ሲያወጣ፣ ግማሹን ኮር አጥፍቶ ለጌም የሚያመቻች ምርጫ አብሮ ማቅረቡም ከዚሁ ዓይነት ችግር የመጣ ነበር።

ስለዚህ የጥገና ባለሙያው ችግሩን በከፊል አውቆታል። ነገር ግን ሁለተኛው ፕሮሰሰር ሲወጣ ከእርሱ ጋር የተያያዙት የራም ማስገቢያዎችና አንዳንድ የካርድ ማስገቢያዎች አብረው ከሥራ ውጭ ይሆናሉ፤ እንጀራ የሚያበላዎት የሬንደር ሥራም በእጥፍ ገደማ ይረዝማል። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ሶኬት ስስ እግሮች ተገልጠው ሲቀሩ የመጣመማቸው አደጋም ቀላል አይደለም።

ያንኑ ጥቅም ያለ መፍቻ ማግኘት ይቻላል። ጌሙ ተከፍቶ ሳለ የዊንዶውስ «ታስክ ማናጀር» ውስጥ ገብተው «ዲቴይልስ» በሚለው ገጽ የጌሙን ስም በቀኝ ክሊክ ይንኩ፤ «ሴት አፊኒቲ» የሚለውን መርጠው ከ0 እስከ 27 ባሉት ላይ ብቻ ምልክቱን ይተዉና የሌሎቹን ያንሱ፤ ዊንዶውስ እያንዳንዱን ኮር እንደ ሁለት ስለሚቆጥር፣ እነዚህ 28ቱ የመጀመሪያው ፕሮሰሰር 14 ኮሮች ናቸው። ጌሙ በተከፈተ ቁጥር መደገም ያለበት ሥራ ነው፤ አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚቆጣጠሩ አንዳንድ የኦንላይን ጌሞችም አይፈቅዱትም። ግራፊክስ ካርዱ ከዚሁ ከመጀመሪያው ፕሮሰሰር ጋር በተገናኘው ማስገቢያ ላይ መሰካቱንም ያረጋግጡ። በነገራችን ላይ፣ የዊንዶውስ «ሆም» እትም የሚያሠራው አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለሆነ፣ «ፕሮ» መጫኑን ይመልከቱ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው ፕሮሰሰር ለሬንደርም አልዋለም ማለት ነው።

ገንዘብ የሚያወጡ ከሆነ በግራፊክስ ካርዱ ላይ ያውጡት። ኤም4000 እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ካርድ ሲሆን፣ ለመንቀራፈፉ ከፕሮሰሰሮቹ ያላነሰ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። በእኔ ግምት ባለ 12 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3060 ይስማማዎታል፤ ለሬንደርም ስለሚያገለግል ወጪው ለመዝናኛ ብቻ አይሆንም፣ የማስገቢያውን አሥራ ስድስት የመረጃ መስመሮች ሁሉ ስለሚጠቀምም በአሮጌው ማስገቢያ ላይ ብዙ አይጎዳም። ኢንቴል አርክ ካርዶችን ግን፣ ዋጋቸው ቢያጓጓም፣ እዚህ ማሽን ላይ አልመክርም፤ ማሽኑ በተሠራበት ዘመን ያልነበረ የማዘርቦርድ ድጋፍ ይፈልጋሉ።

ከመግዛትዎ በፊት ሳጥኑን ከፍተው ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡት ገመዶች ካርዱ ከሚጠይቀው ባለ 8 ቀዳዳ መሰኪያ ጋር መግጠማቸውን ይዩ። ሁለቱ ፕሮሰሰሮች እያንዳንዳቸው እስከ 120፣ ካርዱ ደግሞ 170 ዋት ስለሚወስዱ በሙሉ ኃይል ሲሠሩ ከ400 ዋት ያልፋሉ፤ መብራት ሲጠፋ የሚተማመኑት በ650 ቪኤ ዩፒኤስ ከሆነ ይህን ጭነት አይችለውም።