ቢሮዋን ዘግታ የጻፈችው ተውኔት

ውድ ልጆቼ፣

ተውኔት ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ሁሌም የምትነግሩኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሥራው ግን ጊዜ አልሰጠኝም።» እስቲ ዛሬ ስለ አሜሪካዊቷ ተውኔት ጸሐፊ ሊን ኖቴጅ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሊን የብሩክሊን ልጅ ናት። ዬል ዩኒቨርሲቲ ድራማ ተምራ ስትጨርስ የሰብአዊ መብት ድርጅት በሆነው አምነስቲ ኢንተርናሽናል ተቀጠረች። አራት ዓመት ያህል የፕሬስ ሥራ ሠራች። አንድ ቀን አንዲት ፎቶ አንሺ ቢሮዋ መጣች። የያዘችው የተደበደቡ ሴቶችን ፎቶ ነበር። ሊን አየችው። ከዚያ በሩን ዘጋችና እዚያው ቁጭ ብላ አንድ አጭር ተውኔት ጻፈች። ሚስት የሚደበድባትን ባሏን «ሲኦል ግባ!» ብላ ትረግመዋለች። ሰውዬው እዚያው ቦግ ብሎ አመድ ይሆናል። እሷም ደንግጣ ጎረቤቷን ትጠራለች፤ ሁለቱ ሴቶች አመዱ አጠገብ ቆመው ያወራሉ። ተውኔቱ በ1993 ሉዊቪል ከተማ መድረክ ላይ ወጣ።

ያንን ቢሮ ባትገባ ኖሮ፣ ፎቶዎቹን የት ታገኛቸው ነበር? እኔ ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል።

በ2004 ኡጋንዳ ሄዳ ከኮንጎ ጦርነት የሸሹ ሴቶችን አነጋገረች። ከእነሱ ታሪክ የተነሳው «ሩይንድ» የተባለው ተውኔቷ በ2009 ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት አገኘ። በ2017 ሌላው ተውኔቷ «ስዌት» ደገመ። በተውኔት ሁለቴ ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆና የተውኔት አጻጻፍ ታስተምራለች።

እናንተ ግን ሽልማቱን ተዉትና አሠራሯን እዩልኝ። «ስዌት»ን ለመጻፍ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ወዳለችው ሬዲንግ ከተማ ከሁለት ዓመት በላይ ተመላለሰች። ፋብሪካው በር የዘጋባቸውን የብረታ ብረት ሠራተኞች አጠገባቸው ተቀምጣ አዳመጠች። ብዙ ጸሐፊ አንዴ ሄዶ፣ ሁለት ሰው አናግሮ ይመለሳል። እሷ ግን ሰዎቹ እስኪለምዷት ታገሠች።

ስለዚህ ባንክ መስኮት ላይ የምትቀመጡ፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ የምታነሱ ልጆቼ፣ ትንሽ ደብተር ኪሳችሁ አይጥፋ። ከደንበኛ አፍ የወጣውን እንደወረደ ጻፉት። ሰዋስው አታርሙለት፤ «እ...» ያለበትንም አትዝለሉት። የማንንም ስምና ምሥጢር ግን አታውጡ።

ሊን ከሽልማቱ በኋላ ሬዲንግን አልረሳችም። በ2017 ክረምት ተመልሳ ሄደች። ባቡር መምጣት ካቆመ ዓመታት ባለፉት የፍራንክሊን ጎዳና ጣቢያ ውስጥ የከተማዋን ሰዎች ታሪክ ለራሳቸው አሳየቻቸው።