ዕቃ ከመጫናችሁ በፊት ኸርዙን አንብቡ

ወደ አገር ቤት ዕቃ ለምትልኩ ወገኖቼ፦ ቮልቱን ሁላችንም እናያለን፤ ከጎኑ የተጻፈውን ኸርዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚነግረንን ቁጥር፣ ልብ የሚል ግን ጥቂት ነው። በዚህ ምክንያት ስንት የተለፋበት ገንዘብ ሲቃጠል አይቻለሁ።

የአሜሪካ መስመር 120 ቮልት በ60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልት በ50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን እንዳለ ነው የሚያሳልፈው፤ ቮልት የሚያረጋጋው ስታብላይዘር ቢጨመርበትም ኸርዙ አይለወጥም። በ60 ኸርዝ ኤሌክትሪኩ በየ8.3 ሚሊ ሰከንዱ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ በ50 ኸርዝ ግን እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። በዚያች ትርፍ ጊዜ በትራንስፎርመሩ ብረት ውስጥ መግነጢሳዊው ኃይል ከልኩ በላይ ይከማቻል። ብረቱ አንዴ ከጠገበ ጥቅል ሽቦው የሚስበው ከረንት በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። ትራንስፎርመሩ ያጓራል፣ ይግላል፣ የሽቦው ቫርኒሽ መሽተት ይጀምራል።

ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ላይ የሚችለው ቮልት ከስድስት እጅ አምስቱን ነው። 120 የነበረው 100፣ 240 የነበረው 200 ይሆናል። «240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚለው ለእኛ 220 የሚበቃ ይመስላል፤ አይበቃም።

ይበልጥ የሚያታልለው ከሳውዲ የሚመጣው ነው። ኤምሬትስ፣ ኩዌትና ኳታር እንደኛው 50 ኸርዝ ሲጠቀሙ ሳውዲ አረቢያ 60 ነች። ከሪያድ የተላከ «220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» የሚል ማይክሮዌቭ ቮልቱ ስለሚገጥም ማንም አይጠረጥረውም፤ አዲስ አበባ ላይ ልኩ ግን 183 ቮልት ገደማ ነው። በማይክሮዌቩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ደግሞ ብረት ተቆጥቦበት ስለሚሠራ ከመነሻውም ትርፍ አቅም የለውም። እባካችሁ እሱን እዚያው ሽጡት።

የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ አትስጉ። የኤሌክትሪክ ምጣድም ሥራው ማጋል ብቻ ስለሆነ ኸርዝ አይጎዳውም፤ ቮልቱንና ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ይበቃዋል።

ትራንስፎርመር ስትገዙ 50 ኸርዝ የሚል ጽሑፍ በግልጽ ይኑርበት። ከዚያ ምንም ዕቃ ሳትሰኩበት ለግማሽ ሰዓት ያህል አብሩትና አጠገቡ ቆዩ። ባዶውን ሆኖ የሚያጓራና እጅ የማያስነካ ከሆነ ነቅላችሁ ለሻጩ መልሱለት።