መልስ፦ ግጥሙ ሳይገባኝ የትራንስ የፍቅር ዘፈን ለምን ያስለቅሰኛል?

እንባህን የሚያመጣው ከበሮው የሚቆምበት ቦታ ነው። ትራንስ የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ዓይነት ነው፤ ምቱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ130 እስከ 140 ይመታል። ሰውነትህ ያንን ሩጫ ከለመደ በኋላ ምቱ ይቋረጥና ድምፃዊቷ ብቻዋን ትቀራለች፤ ጆሮህ ስር የምታንሾካሹክ ይመስልሃል። ቀጥሎ ኮርዶቹ (አንድ ላይ የሚሰሙት ኖታዎች) እየተደራረቡ ይወጣሉ፤ ምቱ እስኪመለስ መጠበቁ ራሱ ናፍቆት ይሆንብሃል። ቋንቋ ባይገባህም ይህ ይገባሃል።

ለማረጋገጥ ዴሌሪየም የተባለውን የካናዳ የሙዚቃ ቡድን «ሳይለንስ» የተሰኘ ዘፈን ሁለት ቅጂዎች አከታትለህ ስማ፦ ሳራ ማክላክላን የዘፈነችበትን እ.ኤ.አ. የ1997ቱን ዝግተኛ ቅጂ፣ ከዚያም የሆላንዱ ዲጄ ቲየስቶ ያፈጠነውን። ድምፁ የእርሷው ነው፤ የሚያሳድረው ስሜት ግን በጣም ይለያያል። (እኔ ለሌሊት ዝግተኛውን እመርጣለሁ።)

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለሬዲዮ ያጠረውን ቅጂ አትያዝ። እንደ ታዘብኩት፣ ዘፈን ሲያጥር መጀመሪያ መቀስ የሚያርፍበት ያ ጸጥ ያለው ክፍል ነው።