ደስታ ካልተሰማኝ አልዳንኩም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስዎ። የምኖረው በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የነበርንበት ሰፈር ለልማት ሲፈርስ ከመሃል ከተማ ተነሥተን መጣን። ዕድሬም የጽዋ ማኅበሬም ተበተነ፤ የንስሐ አባቴም በቀድሞው ደብር ቀሩ። ዛሬም እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፤ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ልቤ ደስ አይለውም፣ ሁሉ ነገር ጨልሞብኛል፣ ሌሊትም እንቅልፍ አይወስደኝም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «የዳነ ሰው ደስታው ከፊቱ ይነበባል፤ ደስታ ካጣሽ መዳንሽን መርምሪ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጭንቀቴ ባሰ። ደስታ ካልተሰማኝ አልዳንኩም ማለት ነው? ስሜ ይቆይልኝ።

መልስ፦ እኅታችን፣ አስቀድሜ አጭሩን መልስ ልስጥዎ፤ አይደለም። የልብ ማዘን ያለመዳን ምልክት ሆኖ አያውቅም። የባልደረባዎ ምክር በቅንነት የተነገረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የመዳንን ደስታ ከምንጩ ትቶ ከእኛ ፊት ላይ የሚፈልግ ምክር ስለሆነ፣ ያዘነን ሰው በሐዘኑ ላይ ሌላ ሸክም ይጨምርበታል።

በዘመነ ትንሣኤ ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲሉ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ብለን እንመልሳለን። «አሰሮ ለሰይጣን» ሲሉ «አግዐዞ ለአዳም»፣ «ሰላም» ሲሉ «እምይእዜሰ»፣ በመጨረሻም «ኮነ» ሲሉ «ፍሥሐ ወሰላም» እንላለን። ከልጅነታችን በቃላችን የያዝነው በመሆኑ የምንለውን ሳናስተውል እናልፈዋለን። ተነሣ፣ አሰረው፣ ነጻ አወጣው፤ የእነዚህ ግሦች ሁሉ ባለቤት ክርስቶስ ነው፤ እኛ በአንዱም አድራጊዎች ሆነን አልገባንም። «ኮነ» የምትለው ቃል ደግሞ «ሆነ» ማለት ናት። «ይኩን» ብትል ኖሮ ምኞት በሆነች ነበር፤ «ይከውን» ብትልም ገና የሚጠበቅ ነገርን በነገረችን ነበር። ቤተ ክርስቲያን ግን «ከአሁን ጀምሮ ደስታና ሰላም ሆነ» ብላ የተፈጸመ ነገር ታውጃለች፤ ይህንንም አዋጅ በደስተኛውም በሐዘንተኛውም አፍ እኩል ታስቀምጠዋለች።

በአገራችን አንድ ሰው «የምሥራች!» ብሎ ሲገባ «ምስር ብላ» ይባላል። ምሥራቹ የልጅ መወለድ ከሆነ፣ ልጁ የተወለደው ሰሚው ከመስማቱ በፊት ነው፤ ሰሚው ያን ዕለት ራሱን ቢያመው ወይም ቢደክመው ልጁ አልተወለደም አያሰኝም። ወንጌል ማለትም ምሥራች ማለት ነውና የመዳናችን ደስታ ሥሩ የተደረገልን ነገር ነው፤ ስሜታችን ከዚያ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ዘግይቶ ይከተላል።

በውዳሴ ማርያም የሰኞውን ሲጸልዩ የመጀመሪያዋን ቃል ቆም ብለው ይመልከቷት። «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ሕዙነ ወትኩዘ ልብ» ትላለች፤ ጌታ ያዘነውንና ልቡ የተከዘውን አዳምን ነጻ ያወጣው ዘንድ ወደደ ማለት ነው። እኔ ይህችን ቃል ባሰብኩ ቁጥር እደነቃለሁ። አዳም አስቀድሞ እንዲደሰት አልተጠየቀም፤ የተፈለገውም ከነትካዜው ነው። እንግዲህ የአዳም ትካዜ መድኃኒቱን ካላስቀረበት፣ የእርስዎ ትካዜ እንዴት ያስቀርብዎታል?

ነቢዩ ዳዊትም በመዝሙር 50፥12 «የማዳንህን ደስታ ስጠኝ» ብሎ የሚለምነው ደስታውን አጥቶ ስለሆነ ነው፤ ያለው ነገር አይለመንም። ደግሞም «የማዳንህን» አለ፤ ማዳኑን የእግዚአብሔር አድርጎ፣ ደስታውን እንደ ልጅ እጁን ዘርግቶ ለመነ። እርስዎም ደስታ ማጣትዎን ወደ ጸሎት ይዘውት ይግቡ እንጂ፣ ደስታው እስኪመለስ ብለው ከጸሎት አይዘግዩ።

ይህን ስል ስለ መዳናችን አንጠንቀቅ ማለቴ አይደለም። በ40 እና በ80 ቀናችን ተጠምቀን የተቀበልነውን ጸጋ በንስሐና በቅዱስ ቁርባን እየጠበቅን እስከ ፍጻሜ እንጓዛለን። ቅዱስ ጳውሎስም ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች በጻፈው መልእክት «በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ የራሳችሁን መዳን ፈጽሙ» (2፥12) ይላል፤ በዚያው መልእክት ደግሞ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» (4፥4) ይላል። «በጌታ» ማለቱን ልብ ይበሉ፤ እስር ቤቱን ውደዱ አላለም። ስለዚህ ለፈረሰው ሰፈርዎ ማዘንዎ ኃጢአት አይደለም።

ስለ ጨለማው የጻፉትን ሳነብ የእኛው አጥቢያ ትዝ አለኝ። እኛ ገና ሕንጻ አልሠራንም፤ የምንቀድሰው በቆርቆሮ መቃኞ ነው። በአንድ እሑድ መብራት ጠፍቶ፣ ወንጌል ሲነበብ አንድ ታናሽ ዲያቆን ጧፉን ወደ መጽሐፉ አስጠግቶ ይዞ ነበር። የፊደሉ ቀይና ጥቁር ቀለም ጥርት ብሎ ይታያል፤ የልጁ ፊት ግን በጨለማ ውስጥ ነው። ሰሙ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ እጁን ከመጽሐፉ አላራቀም። ብርሃኑ የተሰጠው ቃሉ እንዲታይ ነበር፤ ልጁም ፊቴ በርቶ ይሆን ብሎ አልተጨነቀም። ውዳሴ ማርያም «ብርሃን ዘበአማን»፣ እውነተኛ ብርሃን፣ ብላ የምታመሰግነው ጌታ ለእኛም የበራው እርሱን እንድናይበት ነው። ራሳችንን ብቻ ስንመረምር ከዋልን፣ ብርሃኑ ሳይጠፋ በገዛ ጥላችን ውስጥ እንቆማለን።

ከሁሉ ይልቅ ለእርስዎ የምመኘው የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ደስታ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 እንደተጻፈው፣ ፊልጶስ ካጠመቀው በኋላ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባውም ዳግመኛ አላየውም። አስተማሪው ተለየው፤ መንገዱም ያው የምድረ በዳ መንገድ ነበር። ቅዱስ ሉቃስ ግን «ደስ ብሎት መንገዱን ይሄድ ነበር» ብሎ ጻፈለት። እርስዎም የንስሐ አባትዎ ርቀውብዎታል፤ በእርሳቸው እጅ የተቀበሉት ጌታ ግን በቀድሞው ደብር አልቀረም።

አሁን ወደሚያደርጉት ልምጣ። የቀድሞውን የንስሐ አባትዎን አስፈቅደው በሚኖሩበት አጥቢያ አዲስ የንስሐ አባት ይያዙ፤ ይህን ከሁሉ አስቀድመው ያድርጉት። ከእርሳቸው ጋር ተመካክረው ቅዱስ ሥጋውን ክቡር ደሙን ለመቀበል ይዘጋጁ። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ካስቆጠረ ደግሞ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረውና ልናከብረው እንደሚገባ ስለሚያስተምር፣ ሕክምና ከጸሎትና ከጸበል ጋር አይጣላም። ከባልደረባዎም ጋር አይከራከሩ፤ ትጸልይልዎ ዘንድ ይለምኗት።

ከዚያም ጽዋውን ይጀምሩ። በእርስዎ ሕንጻ ላይ እንደ እርስዎ ከየሰፈሩ ተነሥተው የመጡ፣ ማኅበራቸው የተበተነባቸው እናቶች እንዳሉ አልጠራጠርም። ሁለት ሆናችሁ ቢሆንም በወሩ በ21 የእመቤታችንን ዝክር አንድ ድፎ ዳቦ ጋግራችሁ፣ ጠላውን በጽዋ ቀድታችሁ፣ ካህን ጠርታችሁ ጀምሩት።