አይሲዩ ውስጥ ዎኪቶኪ ወይስ ቴሌግራም?

አንዲት የአይሲዩ (የጽኑ ህሙማን ክፍል) ነርስ የላከችው ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦ 8 አልጋ አላቸው፣ ዲዩቲ ዶክተሩ (ተረኛው ሐኪም) የሚያድረው ሌላ ፎቅ ላይ ነው፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሲጽፉለት ዘግይቶ ያያል፣ አስተዳደሩ ዎኪቶኪ ሊገዛላቸው ነው፣ ግን "ማሽን ይረብሻል" ያላቸው ሰው ስላለ ፈርተዋል።

ሲስተር፣ ዎኪቶኪው ይቅርባችሁ፣ የፈራው ሰው ልክ ነው። ገበያ ላይ የሚበዙት እነ ባኦፌንግ ቁልፉን ተጭነሽ ስታወሪ ከ4 እስከ 5 ዋት ይለቃሉ፣ ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክ ደሞ 0.1 ዋት አካባቢ ነው። 5 ዋት ማለት 1 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 15 ቮልት በሜትር የሚሆን ፊልድ (የሬዲዮ ሞገዱ ጉልበት) ነው፣ ቆየት ያሉት ቬንቲሌተሮች (የመተንፈሻ ማሽኖች) ግን እንዲቋቋሙ ተፈትሸው የሚወጡት 10 ቮልት በሜትርን ነው፣ ላይፍ ሰፖርት (ሕይወት የሚያቆዩ) ተብለው ያልተመደቡት እቃዎች ደሞ 3ን ብቻ። ስለዚ አልጋ አጠገብ ቆመሽ ስትጠሪ የመድኃኒት ፓምፑ ያለምክንያት ቢጮህ ወይ የሞኒተሩ መስመር ቢበላሽ አይገርምም። ደሞ ዎኪቶኪ የሚያወራው ለሁሉም ነው፣ "አልጋ 3 እየደከመ ነው" ሲባል በር ላይ የቆመው ቤተሰብ ይሰማል፣ ይሄ እኔን ከማሽኑ እኩል ያሳስበኛል።

ሞባይልም ቢሆን ንጹህ አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ውስጥ የሞባይል ሲግናል 61 የአይሲዩ እቃዎች ላይ ተሞክሮ 26ቱ ተረብሸዋል፣ የተረበሹበት መካከለኛ ርቀት 3 ሴንቲሜትር ነበር፣ አንድ ቬንቲሌተር ግን 3 ሜትር ላይ ሆኖም ተረብሿል። 2ጂ ላይ ያለ ስልክ ኔትወርክ ሲያጥረው ጉልበቱን እስከ 2 ዋት ይጨምራል፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው። ስለዚ ከማሽን ቢያንስ 1 ሜትር፣ ቬንቲሌተር ላይ ስልክ ማስቀመጥ የለም፣ ከማሽን ጋር በአንድ ማከፋፈያ ቻርጅ ማድረግም የለም፣ እባካችሁ ይሄን ልማድ ተዉት።

ወደ ዋናው ነገር ስመጣ፣ የናንተ ችግር እቃው ሳይሆን አስቸኳዩና የማያስቸኩለው በአንድ መንገድ መሄዱ ነው። ሳቹሬሽን (የደም ኦክስጅን) ሲወርድ፣ የደም ፕሬዠር ሲወድቅ አይጻፍም፣ ይደወላል፣ በቃ። የሚጻፈው "አልጋ 5፣ ፖታሲየም 3.1 መጣ፣ ምን እናድርግ" ዓይነት ነው፣ እሱም በ10 ደቂቃ ካልተመለሰ ይደወላል፣ ሁለት ጊዜ ተደውሎ ካልተነሳ ሲኒየሩ ጋር፣ ይሄን ቅደም ተከተል ከዶክተሮቹ ጋር ተስማምታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የመድኃኒት ትዕዛዝ በስልክ ከመጣ መጠኑን ደግመሽ አንብቢለት፣ ከዛ ቻርት ላይ ይጻፍ፣ ቴሌግራም ቻርት አይደለም።

ዶክተሩ ዘግይቶ የሚያየው ሰንፎ ላይሆን ይችላል። ግሩፑ ውስጥ የስብሰባ ማስታወቂያ፣ የእንኳን አደረሳችሁ፣ ምናምን ስለሚበዛ ብዙ ሰው ሚዩት ያደርገዋል። ለአይሲዩ ብቻ ሌላ ትንሽ ግሩፕ ክፈቱ፣ ሌላ ወሬ አይግባበት። አንድሮይድ ደሞ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ኖቲፊኬሽኑን ያዘገያል፣ ሴቲንግ ገብታችሁ የቴሌግራምን ባትሪ አንሪስትሪክትድ አድርጉት። የዲዩቲ ስልኩ የሰው ሳይሆን የክፍሉ ይሁን፣ ከነቻርጀሩ ተረኛ ለተረኛ ይረካከበው፣ ሲረካከቡም በ70 ፐርሰንት አልኮል ይጠረግ።

ስም አይጻፍ፣ የአልጋ ቁጥር ይበቃል። ኤክስሬይ ፎቶ ስትልኩም ስሙን ሸፍኑት፣ ሴቭ ቱ ጋለሪንም አጥፉት፣ አለበለዚያ የበሽተኛው ምስል ከልጆቻችሁ ፎቶ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የጤና መረጃን በተለይ ጥብቅ ከሚደረግባቸው ነው የሚቆጥረው።

ለዎኪቶኪው የተያዘው ብር እንዳይመለስ ከፈለጋችሁ ዴክት የሚባለውን ኮርድለስ ስልክ አስገዙበት፣ ከሆስፒታሉ የውስጥ መስመር ጋር ይገጠማል፣ በአማካይ 10 ሚሊዋት ነው የሚለቀው፣ ሲበዛ 250፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ይሰራል። ቤዙና (ስልኩ የሚገናኝበት ጣቢያና) የውስጥ መስመሩ ማዕከል ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ይሁኑ፣ መብራት ሲጠፋ ነው በጣም የምትፈልጉት። ኮርድለሱ ህንጻ ውስጥ ከ50 ሜትር ብዙም አይርቅም፣ ስለዚ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ተውሳችሁ ዶክተሩ ከሚያድርበት ክፍል እስከ አይሲዩ በሮቹን ዘግታችሁ እያወራችሁ ሂዱበት፣ በተለይ ግድግዳው ላይ ሊድ (ጨረር የሚያግድ ብረት) ባለው የኤክስሬይ ክፍል በኩል፣ የሚቋረጥበትን ቦታ ምልክት አድርጉና ሁለተኛ ቤዝ እዛ እንዲገጠም ለባዮሜዲካሉ (ለሆስፒታሉ የማሽን ባለሙያ) ንገሩት።