«የቤት እጥረት» ወይስ «የቤት እጦት»?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ነው የምሠራው። ለከተማው ፕላን ግብዓት የሚሆን የመኖሪያ ቤት ጥናት እያዘጋጀን ነው። እኔ «የቤት እጥረት» ብዬ የጻፍኩትን ባልደረባዬ «የቤት እጦት» እያለ ያርመዋል። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። «ያው አለመኖር ነው፣ ልዩነት የላቸውም» የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም።

«እጥረት» ከ«አጠረ» ይወጣል፤ ግእዙ በብዙኃኑ ኀ «ኀጸረ» ነው። (በሐመሩ ሐ «ሐጸረ» ሲሆን «አጥር»ን ያስገኘው ሌላው ግስ ነው፤ አማርኛ ሁለቱንም «አጠረ» ብሎ አንድ አደረጋቸው።) ገመድ አጠረ ሲባል ገመዱ አለ፣ ልኩ ላይ ግን አልደረሰም። እጥረት እንግዲህ ልክ ይፈልጋል። «እጦት» ከ«አጣ»፣ ከግእዙ «ኀጥአ» ነው፤ «ኃጢአት»ም የዚያው ግስ ልጅ ነው። የሚያጥረው ቤቱ፣ የሚያጣው ሰው ነው።

ይህ ለእርስዎ ሥራ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከቤተሰቦች ቁጥር ላይ ለኑሮ የሚበቁትን ቤቶች ሲቀንሱ የሚያገኙት እጥረት ነው። እዚያው ከተማ ጠባሴ ሰፈር ውስጥ ግን በአንዲት ክፍል እናት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ያገባ ልጇ ከነሚስቱ ይኖራሉ እንበል። ማዕዳቸው አንድ ስለሆነ እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። አንድ ቤት፣ አንድ ቤተሰብ፤ እጥረቱ ዜሮ! እጦቱ ግን እዚያው መጋረጃው ሥር ነው። በቤት ፈላጊነት ካልተመዘገቡ ደግሞ መዝገቡም አያውቃቸውም። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ፋብሪካው የሳበው ወጣት፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይቶ በደባልነት የሚያድረው፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ የለም።

«ሥራ አጥ» እያልን «ቤት አጥ» ማለት ለምን እንደቀረብን አይገባኝም። «ቤት አልባ» ጎዳና የወጣውን ብቻ ያሳስባል፤ ደባሉን አይጨምርም። እኔ ብሆን «ቤት አጥ» ብዬ እጽፍ ነበር። ሕዝቡ ግን አላለውም፤ ዜናውም መሥሪያ ቤቱም ለሁሉም «እጥረት» ብሎ ጨርሷል፤ ደስ ባይለኝም ይህን መካድ አልችልም።

ስለዚህ የሰንጠረዡን ርእስ «የቤት እጥረት» እንዳለ ይተዉት። ባልደረባዎ የተሟገቱለትን «እጦት» ደግሞ ለብቻው ዓምድ ይስጡት፤ ደባሎቹና ከወላጅ ጋር የሚኖሩት ባለትዳሮች እዚያ ይቆጠሩ።